ያረጀ ልክ

ያን ቀን ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ ከልብስ ሰፊው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ሳንነጋገር እንቀር ነበር። መድኃኒት ቤቴን ለምሳ ዘግቼ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፎ የዋለው ሰማይ መንገዱን ካጋመስኩ በኋላ ዘረገፈው። እኔ ደግሞ ጃንጥላ የምይዘው ፀሐይ በወጣ ቀን ብቻ ነው፤ ባለቤቴ ዘወትር የምትስቅብኝም በዚሁ ነው። ሮጬ አንድ ሱቅ ታዛ ሥር ተጠለልኩ። ወዲያው ከውስጥ፣ «ሐኪም! ደጅ ቆመህ ጉንፋን ከምትሸምት ገባ ብለህ አትቀመጥም?» የሚል ድምፅ ጠራኝ።

የጠሩኝ ልብስ ሰፊው ናቸው። ሐኪም ሳልሆን መድኃኒት ቀማሚ መሆኔን ሰላም በተባባልን ቁጥር ነግሬያቸዋለሁ፤ «ነጭ ጋዋን ለብሶ ሐኪም አይደለሁም ማለት፣ መርፌ ይዞ ሰፊ አይደለሁም እንደ ማለት ነው» ብለው አፌን ያስይዙኛል። የሰፈሩ ሰው እሳቸውን «ጋሼ ወረንጦ» ይላቸዋል። ሌላው ልብስ ሰፊ በደረት ኪሱ ጠመኔ ሲይዝ እሳቸው ትንሽ ወረንጦ ይይዛሉና ነው። ያቺ ወረንጦ ክር መንቀሻ አይደለችም፤ ቴምብር ማንሻ ናት። እጅ ላብ አለው፣ ላብ ደግሞ የቴምብር ጠላት ነው ባይ ናቸው።

ክፍሉ ጠባብና ረጅም ነው። ስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ መተኮሻ ጠረጴዛው መሐል ላይ፤ ግድግዳው ላይ አንድ እጅጌ ብቻ የወጣላቸው ካፖርቶች ነጭ የመነካከሻ ክራቸውን እንደያዙ ተሰቅለዋል። ከጀርባ ባለው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ግን ጨርቅ የለም፤ የቴምብር አልበም በአልበም ላይ ተደርድሮ ቆሟል። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ከመቀሱ አጠገብ ደግሞ ልባዱ አልቆ በካፖርት ገበር የተለበጠ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተቀምጧል።

«ይኸውልህ፣» አሉኝ ጋሼ ወረንጦ መጽሐፉን መታ መታ አድርገው፣ «የዓለም ቴምብር ሁሉ ዋጋው እዚህ አለ። ከጌታዬ የወረስኩት ነው። ሙያዬንም ቴምብሩንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሻይ የምትጠጣ አንዲት ወጣት ነበረች። የእህታቸው ልጅ ናት። ትምህርቷን ጨርሳ በገበያ ጥናት መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች፤ ሥራዋም በየሳምንቱ ገበያ ለገበያ እየዞሩ የሽንኩርቱን፣ የሳሙናውን፣ የከሰሉን ዋጋ ጠይቆ መመዝገብ ነው። አጎቷ «ምሁሯ» ይሏታል። ሲሏት ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ኩራት ነው።

«ደህና ቀን ነው የመጣኸው፣» ቀጠሉ ጋሼ ወረንጦ። «የሟቹ የሰዓት ሠሪው ባለቤት አሁን ትመጣለች። የባሏን ቴምብሮች እንድገምትላት ለምናኛለች። ነጋዴ ጠይቋታል።»

ሴትዮዋን አውቃታለሁ። የዓይን ጠብታ የምትወስደው ከኔ ዘንድ ነበር። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸው፣ ሐኪሟ ጠብታ ከእንግዲህ አይረዳትም፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ብሏል። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ስትፈላልግ መክረሟንም ሰምቻለሁ። ከባሏ ቴምብር ልታገኘው ማሰቧን ግን ያን ዕለት አወቅሁ።

ብዙም ሳትቆይ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ገባች። አልበሞቹን በላስቲክ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋቸዋለች፤ እሷ ርሳለች፣ እነሱ ጠብታ አልነካቸውም። ጋሼ ወረንጦ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ተቀበሏት።

«ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ። እዚህ ጋ፣ ከመተኮሻው አጠገብ ይቀመጡ፤ ይሞቅዎታል።»

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎ ነው የመጣሁ።»

«ምን ማስቸገር ነው? እሱና እኔ በየእሁዱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስንት ዘመን ስንሟገት ኖርን! ብቻ ነጋዴው ምን ሰጠዎት?»

ጋሼ ወረንጦ የማናቸውንም ነገር ዋጋ የሚያስቡት በካፖርት መሆኑን ሰፈርተኛው ስለሚያውቅ ሴትዮዋም በዚያው መለሰች። «የሁለት ካፖርት ዋጋ እሰጥዎታለሁ አለኝ። እኔ ዓይን የለኝ፣ ቢኖረኝም ነገሩን አላውቀው። ያለኝ የርስዎ እውነት ነው። ይሽጡ ካሉኝ እሸጣለሁ።»

ጋሼ ወረንጦ አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ፤ አልበሙን ገለጡ፤ ወረንጦዋን ይዘው አንዱን ከአንዱ እያስተያዩ፣ ያን ገበር ለበስ መጽሐፍ እያገላበጡ፣ በጠመኔ ጨርቅ ላይ እየጻፉ ብዙ ደከሙ። በመጨረሻ ፊታቸው በራ።

«እትዬ፣ ደግ ነጋዴ ነው የገጠመዎት! መጽሐፌ ሁሉንም ደምሮ አንድ ካፖርትና አንድ ሱሪ ነው የሚለው። እሱ ሁለት ካፖርት ሰጠዎት። ሳይመለስበት ይሽጡ!»

ሴትዮዋ፣ «እንግዲያው ለአንድ ዓይን እንኳ አይበቃም፤ ይሁን፣ የሰጠ አምላክ ይመስገን» አለች።

እንዲህ ስትል ወጣቷ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መጽሐፉ የታተመው መቼ ነው?»

«ምን ቢሆንሽ ነው? አንቺ ሳትወለጂ ነው። እናትሽም ሳታገባ።»

«ነጋዴውስ ይህን መጽሐፍ ያውቀዋል?»

መልሱን የሰጠችው ሴትዮዋ ነበረች። «ያውቀዋል እንጂ! ልብስ ሰፊው ዘንድ ያለው መጽሐፍ ከሚለው በላይ እጨምርልዎታለሁ ነው ያለኝ።»

«ይኸው!» አሉ ጋሼ ወረንጦ። «ጨዋ ሰው!»

«አጎቴ፣ እኔ በየሳምንቱ ስንት ገበያ እዞራለሁ፤ ሻጭ ከጠራው በላይ ልጨምር ያለ ገዢ አጋጥሞኝ አያውቅም። አንድ ቀን ቢያጋጥመኝ ለአለቃዬ ፎቶውን አንስቼ እወስድለት ነበር።»

«አንቺ ደግሞ! ደግ ሰው ከዓለም ጠፋ?»

«ደግ ሰውማ አለ። ግን ደግነቱን የሚያሳየው ሽንኩርት ሲገዛ አይደለም። ገዢ ደስ ብሎት የሚጨምርበት ዋጋ ከኖረ፣ ዋጋው ዝቅ ብሎ ተጠርቷል ማለት ነው።»

እኔ የተማረ ሰው ነኝ እባላለሁ፤ ይህ ነገር ግን አልታየኝም ነበር። ጋሼ ወረንጦ እንደሆኑ መገበሪያው ሲነካበት እንደሚቆጣ ካህን መጽሐፋቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።

«ስሚ ልጄ፤ በዚህ መጽሐፍ ጌታዬ ሠርተውበታል። እሳቸው የሰውን ስፌት አይተው ሰፊው ግራኝ መሆኑን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ዛሬ የሚታተመው መጽሐፍ የነጋዴ አፍ ነው። ዘንድሮ አንድ ነገር ይላል፣ ከርሞ ሌላ። እውነት በየዓመቱ ይለዋወጣል?»

«እውነት አይለዋወጥም አጎቴ፤ ዋጋ ነው የሚለዋወጠው። ጌታዎ ይህን መጽሐፍ ሲገዙት አሮጌ ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው? አዲስ ነበር እንጂ! ቀለሙ ገና እጅ ላይ ይቀራል። ከወደብ ያስመጡት ነው።»

«ከዚህ በፊት የነበራቸውን መጽሐፍስ ምን አደረጉት?»

ጋሼ ወረንጦ ጺማቸውን ዳበሱ። «እ... የመቁረጫው ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጥሮ ያስቸግረን ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከሱ ሥር አስገቡት።»

ሴትዮዋ እንኳ ሳቀች። ምሁሯ ግን አልሳቀችም፤ ይህን ነገሯን ወድጄላታለሁ። ሰው በራሱ ቃል ሲሸነፍ መሳቅ፣ የወደቀን ማንሳት ሲገባ መርገጥ ነው።

«ጌታዎ ብልህ ሰው ነበሩ ማለት ነው» አለች። «የወረሱት መጽሐፋቸውን ብቻ ነው አጎቴ፣ ልማዳቸውን ትተውታል።»

«እኔ የምሰበስበው ለፍቅር ነው!» አሉ ጋሼ ወረንጦ ቆጣ ብለው። «ለመሸጥ ብሰበስብ ኖሮ ዋጋ ዋጋ እል ነበር። የሚወዱትን ነገር ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው።»

«ለርስዎ ይሁን። እትዬ ግን ዛሬ የመጡት ለፍቅር ነው?»

ክርክሩ እዚህ ላይ እንደደረሰ በሩ ተበረገደና ዳቦ ጋጋሪው ገባ። ዳቦ ጋጋሪው ሰፊ ሰው ነው፤ ሲገባ ክፍሉ ይጠባል። ካፖርቱን እያራገፈ እኛንም ዝናብ አዘነበብን።

«ወረንጦ! ልጄን ልድር ነው። ሙሉ ልብስ ስፋልኝ፣ ጥቁር። ልኬን መውሰድ አያስፈልግህም፤ ለራሴ ሠርግ ስትሰፋልኝ የለካኸው ዘንድህ አለ። ሥራ ስለበዛብኝ ልሂድ።»

«ቁም አንተ!» አሉ ጋሼ ወረንጦ ሜትራቸውን ከአንገታቸው እየሳቡ። «ያኔ እኮ ሸንበቆ ነበርክ! በዚያ ልክ ብሰፋልህ ሱሪው ጉልበትህ ላይ ይቀራል፣ ኮቱም ለአንድ ክንድህ አይበቃም። ሠርገኛ ፊት ልታዋርደኝ ነው? ና፣ ክንድህን አንሣ!»

ዳቦ ጋጋሪው ክንዱን አነሣ፤ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወገቡ ላይ ጠቅልለው ጫፍና ጫፉን ለማገናኘት ሲታገሉ ሁላችንም ሳቅን። በሳቁ መሐል ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት ሆና ለዘብ ባለ ድምፅ ጠየቀች።

«ጋሼ፣ እኚህን ሰው እንደገና ለኩ አይደል? የባለቤቴን ቴምብር ለምን በድሮው ልክ ሰፉት?»

የጋሼ ወረንጦ እጅ ዳቦ ጋጋሪው ሆድ ላይ እንዳለ ቆመ።

ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ የሰው ሁሉ ወሬ ማረፊያ ነው። እንዲህ በለሆሳስ የተጠየቀ፣ እንዲህም ጠልቆ የገባ ጥያቄ ግን አላስታውስም። ዳቦ ጋጋሪው ነገሩ ሳይገባው ተለክቶ ሄደ። ጋሼ ወረንጦ ተቀመጡ። «ሰው ይወፍራል፣ ወረቀት አይወፍርም» አሉ፤ እሳቸውም ያመኑበት አይመስልም።

«ወረቀቱ አይወፍርም አጎቴ፣» አለች ወጣቷ፤ «ፈላጊው ነው የሚበዛና የሚያንስ። በዚያን ዘመን ማንም የማያየው ቴምብር ዛሬ ጠፍቶ ይፈለግ ይሆናል። ያኔ ብርቅ የነበረው ደግሞ ከየቤቱ ወጥቶ ሞልቶ ይሆናል። እኔም አላውቅ። ስለማላውቅ ነው እንይ የምለው። በከተማው ንባብ ቤት የዘንድሮው የዋጋ መምሪያ አለ፤ አያስወጡትም እንጂ እዚያው ያስነብባሉ።»

«እሄዳለሁ፣» አሉ ጋሼ ወረንጦ ተነሥተው። «አንቺን ለማሳፈር ስል እሄዳለሁ!»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ከአጎትና ከእህት ልጅ የቱ እንደሚያፍር ለማየት ጓጉቼ ነው። ንባብ ቤቱ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ከእግር በታች ሲጥ የሚል አዳራሽ ነው። ጠባቂዋ መጽሐፉን በሁለት እጇ ተሸክማ አመጣችልን። ጋሼ ወረንጦ እጃቸውን ታጥበው መጡ፤ የሟቹን ወዳጃቸውን አልበም ፊታቸው ዘረጉ፤ ምሁሯ ገጽ እየፈለገች፣ እሳቸው ቴምብሩን እያመሳከሩ ሥራ ጀመሩ።

መጀመሪያ ላይ «ይኸው ያው ነው፣ ይኸው ያው ነው» ይሉ ነበር፤ አንዳንዱም በእርግጥ ብዙ አልተለወጠም። በኋላ ሟቹ ሰዓት ሠሪ ይወዳቸው የነበሩ፣ የልዩ ልዩ ድልድይ ሥዕል ያለባቸው ቴምብሮች ዘንድ ደረሱ። አሮጌው መጽሐፍ ለድልድዮቹ ሁሉ የሰጠው ዋጋ ለአንድ ኮት ከሚተከል ቁልፍ የበለጠ አልነበረም። ምሁሯ ገጹን አግኝታ ጣቷን አሳረፈችበት። ጋሼ ወረንጦ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ወለወሉ፤ መልሰው አደረጉ።

«ተሳስተሻል፤ ሌላ ነው።»

«ይመልከቱት አጎቴ። ሥዕሉ ያው ነው፤ ቀለሙም፣ የጠርዙ ጥርስ ብዛትም ያው ነው።»

«ይኸ... ይኸ ካፖርት ነው። ከነገበሩ! አንዷ ብቻ!» አሉ፤ ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። ጠባቂዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ጋሼ ወረንጦ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው በሹክሹክታ እንዲህ አሉኝ።

«ሐኪም፣ በሕይወቴ የሰው ክር እንኳ ወስጄ አላውቅም። የተረፈ ጨርቅ ለባለቤቱ የምመልስ ሰው ነኝ። ትናንት ግን የወዳጄን ሚስት ዓይን በገዛ አፌ ልሸጠው ነበር። ይሽጡ፣ ሳይመለስበት ይሽጡ እያልኩ! ሌባ ቢሆን ይሻላል፤ ሌባ ሲመጣ ሰው በሩን ይዘጋል። እኔን አምና በር ከፈተችልኝ።»

«ባለማወቅ ነው እኮ ጋሼ» አልኳቸው።

«ባለማወቅ አይደለም። ማወቂያው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ተቀምጦ ሳለ አልጠይቅም ማለት አለማወቅ አይባልም።»

ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ሳይ ሰውዬውን አከበርኳቸው። አንድ ገጽ እንድትፈልግላቸው ምሁሯን ጠየቋት፤ የራሳቸውን ነበር። ከሁሉ የሚያፈቅሩት አንድ ቀይ ፈረስ ያለበት ቴምብር አላቸው፤ በአሮጌው መጽሐፍ ዋጋው ብዙ ካፖርት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ መጨረሻ ላይ የሚያሳዩትም እሱን ነው። አዲሱ መምሪያ፣ ከዓመታት በፊት ገና ያልተቆራረጠ የዚሁ ቴምብር ሙሉ ቁልል በአንድ መጋዘን ስለተገኘ ቀዩ ፈረስ ተራ ነገር መሆኑን ያስረዳል። ዋጋው የክር ማጠንጠኛ ነው።

እሳቸው ገጹን ደጋግመው አነበቡት።

«ባለቤቴን በዚህ ፈረስ ስንት ጊዜ ተስፋ ሰጥቻታለሁ» አሉ። «የክፉ ቀን ስንቃችን ነው እላት ነበር። ክፉ ቀን መጥቶ ቢሆን ኖሮስ?» ከዚያ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ውስጥ ኀዘንም ነበረበት። «ፈረሱ ግን አሁንም ያምራል። እንዲያውም ከዛሬ ጀምሮ ለመልኩ ብቻ ነው የማየው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ እንግዲህ ሁለቱንም ሆኜ ኖሬአለሁ።»

ነጋዴው በቀጠሮው ቀን ልብስ ሰፊው ቤት መጣ። ቀጠን ያለ፣ ንጹሕ፣ አነጋገሩ የታረመ ሰው ነው። ሴትዮዋ ከመተኮሻው አጠገብ፣ እኔና ምሁሯ ጥግ ላይ ተቀምጠናል።

«ጤና ይስጥልኝ ባለሙያው። እንግዲህ በመጽሐፉ ተስማማን?»

«ተስማምተናል ጌታዬ። በየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ብቻ እንነጋገር።»

ነጋዴው ወደ ምሁሯ አየ፤ ወደኔ አየ፤ ዳማ ሲጫወት ንጉሡ እንደተበላበት ሰው ፈገግ አለ። «ንባብ ቤት ሄዳችኋል ማለት ነው።»

«ሄደናል። እርስዎ ዋጋውን ያውቁት ነበር?»

«እንጀራዬ ነው ጌታዬ።»

«ታዲያ ለምን ለእትዬ አልነገሩም?»

«ስንት ይላሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ልብስ ሰፊው እንዳሉ አሉኝ። የርስዎን መጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ ከሱ በላይ ጨመርኩ። ዋሸሁ?»

ጋሼ ወረንጦ አሰቡበት። «አልዋሹም» አሉ። «የዋሸው መጽሐፌ ነው። እሱም ቢሆን በታተመበት ቀን እውነተኛ ነበር።»

ያኔ ድርድሩ ተጀመረ። ነጋዴው፣ መምሪያው የሚለው ዋጋ እንከን ለሌለበት ቴምብር መሆኑን፣ እሱም ሱቅ እንዳለውና ማትረፍ እንደሚገባው አስረዳ። ምሁሯም ልክ ነው አለች፤ መምሪያ መንገድ ያሳያል እንጂ አይፈርድም፣ ቀሪው የዓይንና የመስማማት ጉዳይ ነው አለች። እዚህ ላይ የጋሼ ወረንጦ የረጅም ዘመን ሙያ ሥራ ላይ ዋለ። እያንዳንዷን በወረንጦ እያነሡ በብርሃን አዩ። «ይቺ ሙጫዋ ሙሉ ነው። ይቺ ጥርሷ ጎድሏል፤ እርስዎ ሳያዩት እኔው ልንገርዎ። እንደኔው ናት፣ አርጅታለች።» ነጋዴው የሻጭ ወገን ሆኖ የራሱን ዕቃ ጉድለት የሚናገር ሰው ማየቱ ሳይደንቀው አልቀረም፤ ከዚያ በኋላ ጋሼ ወረንጦ ደህና ናት ያሏትን ሁሉ ሳይመረምር ተቀበለ። በመጨረሻ የተስማሙበት ዋጋ መምሪያው ከሚለው ትንሽ ያነሰ፣ ከሁለት ካፖርት ግን እጅግ የራቀ ነበር። ለሁለቱም ዓይን በቅቶ ለማገገሚያም ይተርፋል።

ሴትዮዋ ዋጋው ሲነገራት ማልቀስ ጀመረች። ነጋዴው ባርኔጣውን አንሥቶ፣ «ባለሙያው፣ ከርስዎ ጋር ከእንግዲህ መነገድ ይከብዳል» አለ።

«ከእንግዲህ መነገድ ይቀላል ጌታዬ፤» አሉ ጋሼ ወረንጦ፤ «ሁለታችንም የምናነበው አንድ መጽሐፍ ነው።»

በሚቀጥለው እሁድ ቴምብር ሰብሳቢዎቹ እንደ ልማዳቸው ልብስ ሰፊው ቤት ተሰበሰቡ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላውቀው ከነሱ እንደ አንዱ ሆኛለሁ። ጋሼ ወረንጦ የሆነውን ሁሉ፣ የራሳቸውን ስሕተት ሳይሸፍኑ ተረኩና፣ ገንዘብ አዋጥተን የዘንድሮውን መምሪያ እንግዛ አሉ። ጸጉር አስተካካዩ ወዲያው ተቃወመ።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ እኮ ራሱ የካፖርት ዋጋ ነው! ከርሞ ደግሞ ሌላ ያትማሉ፤ እኛን ለማለብ ነው።»

«ለብቻህ ብትገዛው እውነትህን ነው፤ ለሁላችን ግን የእጅጌ ቁልፍ ዋጋ ነው» አሉት። «በየዓመቱ ግዙ ያለህም የለም። በየሁለት ሦስት ዓመቱ እንለውጠው፤ በመሐል ከባድ ነገር ሲገጥመን ንባብ ቤቱ አለ። አንተ ምላጭህን ስንት ጊዜ ነው የምትለውጠው?»

«እሱማ የሰው ጉሮሮ ነገር ስለሆነ ነው!»

«ይኸም የሰው ዓይን ነገር ነበር» አሉ ጋሼ ወረንጦ። መዋጮውን ለመክፈል ከሁሉ የቀደመው ጸጉር አስተካካዩ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የተገኘውን ጥቅም በዓይኔ ስላየሁት ሳልነግርህ አላልፍም። መምሪያው ከተገዛ ወዲህ በሰብሳቢዎቹ መሐል ሲለዋወጡ ይነሣ የነበረው ኩርፊያ ቀነሰ፤ ሁሉም በአንድ ልክ ስለሚለካ ተታለልኩ የሚል የለም። ጀማሪው ለተራ ነገር የብርቅ ዋጋ ከመክፈል ዳነ። ከመካከላቸው ሁለቱ ያላቸው ምን እንደሆነ ሲያውቁ እርጥበት ካለበት ሣጥን አውጥተው በደህና ቦታ አኖሩት። ሌላው ደግሞ ብዙ ይገመታል ብሎ የተመካበት ምንም እንዳልሆነ አውቆ፣ ለልጆቹ ትምህርት በጊዜ ሌላ ገንዘብ መቆጠብ ጀመረ። ከሁሉም በላይ፣ ሰብሳቢ ሲሞት ሚስቱና ልጆቹ ለመጀመሪያው ገዢ አፍ ምርኮኛ አይሆኑም። በእኔ ሙያ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መርዝ ይባላል፤ ጊዜው ያለፈበት ዕውቀትም ከዚያ የተሻለ ስም ሊሰጠው አይገባም። የሰጪው ልብ ንጹሕ መሆኑ መድኃኒቱን አያድሰውም።

ሴትዮዋ ሁለተኛው ዓይኗ ከታከመ በኋላ አንድ እሁድ ያለ ምርኩዝ፣ ግድግዳም ሳትዳብስ ገባች። ሁላችንም ተነሣን። ከቦርሳዋ የፖስታ ወረቀት አወጣች፤ ውስጡ አንዲት ቴምብር አለች። ከነጋዴው ዘንድ ያስቀረቻት ብቸኛዋ ናት። ጸጉር አስተካካዩ ቸኩሎ መምሪያውን ገለጠና፣ «ይቺማ ምንም አታወጣ» ብሎ አፈረ።

«አውቃለሁ፤ ጋሼም ነግረውኛል። ስለዚህ ነው ያስቀረኋት» አለች። «ባለቤቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ማታ ማታ ያሳየኝ ነበር። ጀልባዋ ላይ ሰው አለ፣ ታየሽ? ይለኛል። እንዳይከፋው አዎ እለው ነበር። እኔ ግን የማየው ጭጋግ ብቻ ነበር።»

ጋሼ ወረንጦ አጉሊ መነጽራቸውን ሰጧት። ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ተጠግታ ጎንበስ አለች። ረጅም ጊዜ አየች።

«አለ» አለች። «መቅዘፊያ ይዟል።»